ሽንኩርቱን አትቸኩልበት

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ያቀረብክልኝን የአትክልት ሾርባ ጨርሼ ጠጥቻለሁ። እንግዳ አጠገባችን ስለነበር አመስግኜ ወጣሁ፤ እውነቱን ግን ዋጥኩት። አሁን ብቻችንን ስለሆንን ልንገርህ፦ ካሮቱ ለብቻው፣ ድንቹ ለብቻው፣ ውሃው ለብቻው ነበር። በርበሬው ደግሞ ከላይ ተንሳፍፎ ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ሲያፈሉትም ያው ነው።

እንዳትቀየመኝ። እኔም ባለቤቴ እስክታርፍ ድረስ የድስት ክዳን የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የሠራሁ ዕለት በርበሬውን የጋለ ዘይት ላይ በደረቁ ደፋሁትና ጭሱ ግቢውን ሁሉ አስነጠሰ። አንዲት ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቤቱን በበርበሬ እያጠኑት ነው እንዴ?» አለችኝ። ኋላ ያስተማረችኝም እሷው ናት።

ነገሩ ሁሉ ያለው ሽንኩርቱ ላይ ነው። ለ4 ሰው 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀህ ክተፍ። ድስቱን በመካከለኛ እሳት ጥደህ ያለ ዘይት አቁላላው። መጀመሪያ ዓይንህን ያስለቅስሃል፣ ቀጥሎ የራሱን ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ወጣት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ዘይቱን ደፍቶ ይገላገላል። አንተ ስልክህን አስቀምጥና ውሃ ጠብ እያደረግክ አማስል። ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። ቅርጹ ጠፍቶ፣ መልኩ ቡናማ ሆኖ፣ አፍንጫ የሚነክሰው ሽታ ወደ ጣፋጭነት ሲዞር 3 ማንኪያ ዘይት ጨምርበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ከዚያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። የማረቆ ካገኘህ እሰየው። እሳቱን ቀንስ፣ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርግና ዘይቱ ቀይ ሆኖ ከዳር እስኪወጣ ጠብቅ። የበርበሬ የሚያቃጥለው ነገር በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም። አንተ የሚፈላ ውሃ ላይ ስለበተንከው ነው ተንሳፍፎ የቀረው። ያን ዕለት 2 ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ ያልበረደልኝም ለዚሁ ነው፤ ያዳነኝ ዳቦው ነበር።

ሾርባ የፈረንጅ ነው የሚሉ እኩዮቼ አሉ። በርበሬውስ ቢሆን ዘሩ ከአሜሪካ ምድር የመጣ አይደለም እንዴ? ድንቹንም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ በፈረንጆቹ 1858 ነው ያስገባልን። እኛ ደግሞ አቁላልተን የራሳችን አደረግነው። ይህን ስነግራቸው ዝም ይላሉ፣ ሾርባውን ግን ይጠጡታል።

የቀረው ቀላል ነው። ግማሽ ብርጭቆ የታጠበ ምስር ክክ፣ ሊትር ተኩል ሙቅ ውሃ፣ 2 ካሮትና 2 ድንች ክተትበት። ጥቅል ጎመኑን ድንቹ ለስለስ ሲል፣ ቲማቲሙን ግን ምስሩ ከሟሸሸ በኋላ ጨምር፤ ቀድመህ ካስገባኸው ኮምጣጣነቱ ምስሩን አልበስል ያሰኘዋል። የተወሰነውን ድንች በጭልፋው ጀርባ አፍርጠው፣ ሾርባው ይወፍርልሃል። ቃሪያ ከትፈህ ጣል የምታደርገው እሳቱን ልታጠፋ ስትል ነው። ሚጥሚጣ በገበታ ላይ ይቅረብ፣ የፈለገ ይነስንስ፤ ድስቱ ውስጥ አስገብተህ ሁሉንም አትቅጣ። ጨው መጨረሻ ላይ እየቀመስክ። «አንተ ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል፤ ያንተ ሾርባ እኮ ጨውም ተረስቶበት ነበር።

ብቻዬን ነኝ ብለህ ደግሞ በትንሽ ድስት አትሥራ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። እንዲህ ያለ ሾርባ ሲያድር የበለጠ ይጣፍጣል፤ ሰኞ ከሥራ ደክመህ ስትመጣ ማሞቅ ብቻ ነው።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ዳቦውን እኔ እይዛለሁ፤ አንተ ሽንኩርቱን ሳልደርስ ጣደው።