የነገሥታት ዘመን በቍጥር ሚዛን

አንድ ሰው ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ ዐስቦ፥ በዓለም ላይ ያልነበረ አንድ መንግሥት በልቡ ፈጠረ እንበል። ለዚሁ መንግሥት 12 ነገሥታት ሰጠው፤ ዙፋኑም ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ እንዲተላለፍ አደረገ፤ እያንዳንዱም ንጉሥ 40 ዓመት ነገሠ ብሎ ጻፈ፤ ድምሩም 480 ዓመት ሆነ። ይህን ጸሐፊ ማን ይወቅሰዋል? አገሩን የፈጠረው እርሱ ነው፤ ነገሥታቱም የልቡ ልጆች ናቸው። ዘመናቸው እንዲህ አልነበረም ብሎ የሚከራከረው ምስክር ከየት ይመጣል?

ነገር ግን አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ቍጥር ነው። ዙፋን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ በሚተላለፍበት ቤት፥ ብዙ ትውልድ አንድ ላይ ሲታሰብ፥ የአንዱ ንጉሥ ዘመን በመካከለኛ ድርሻው፥ በአባትና በወራሹ ልጅ ዕድሜ መካከል ካለው ልዩነት ጋራ ይተካከላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አባትና ልጅ በእኩል ዕድሜ ቢሞቱ፥ ልጁ ከአባቱ ሞት በኋላ የሚኖረው ዘመን ከአባቱ ልደት ዘግይቶ በተወለደበት ዘመን ልክ ይሆናል። እንግዲህ 12ቱ ነገሥታት 40 40 ዓመት ነገሡ ማለት፥ 12ቱም ወራሻቸውን የወለዱት በ40 ዓመታቸው ገደማ ነው ማለት ነው። የንጉሥ ልጅ በወጣትነቱ እንደሚያገባ የታወቀ ነው፤ ታዲያ በየትውልዱ ሁሉ ቀድመው የተወለዱት ልጆች ወዴት ሄዱ? ደራሲው አላሰበውም እንጂ፥ ከየዙፋኑ ጀርባ የአንድ በኵር ልጅ መቃብር ቈፍሯል።

ይህ ጥያቄ ቀልድ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ልብ ወለድ ያልሆኑ፥ ሰዎችም በክብር የሚጠብቋቸው የነገሥታት ዝርዝሮች በዚሁ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉና። ስለዚህ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ የተከበረን ዝርዝር በቍጥር መመዘን ድፍረት ነውን፥ ወይስ ለእውነት የሚከፈል ዕዳ? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ይህን ሚዛን በሰፊው የተጠቀመበት እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን ነው። ኒውተን በ1727 ሞተ፤ የጥንት መንግሥታትን የዘመን ቍጥር ለማረም የጻፈው መጽሐፍም በማግሥቱ ዓመት በ1728 ታተመ። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ጸሐፊዎች የተጻፈ ዘመን ባጡ ጊዜ ሦስት ነገሥታትን ለ100 ዓመት ይቈጥሩ ነበር፤ ለአንዱ 33 ዓመት ያህል መስጠታቸው ነው። ኒውተን ግን ዘመናቸው በሚገባ የታወቀላቸውን ነገሥታት ወስዶ ሒሳቡን አደረገ። ከቀዳማዊ ዊልያም እስከ ቀዳማዊ ጆርጅ ያሉት 30 የእንግሊዝ ነገሥታት 648 ዓመት ገዙ፤ ለአንዱ 21 ዓመት ተኩል ያህል ደረሰው። 63 የፈረንሳይ ነገሥታት 1224 ዓመት ገዙ፤ ለአንዱ 19 ዓመት ተኩል ያህል ደረሰው። ይህንና የሌሎችንም አገሮች ቍጥር አይቶ፥ የአንድ ንጉሥ መካከለኛ ዘመን ከ18 እስከ 20 ዓመት ነው ሲል ወሰነ። ዘመኑ ከአንድ ትውልድ ልክ የሚያንሰውም ሁልጊዜ አባትን ልጁ ብቻ ስለማይተካው ነው፤ ወንድም ወንድሙን ይተካል፥ አጎት የወንድሙን ልጅ ይገለብጣል፥ አንዱ በጦር ሜዳ ይወድቃል፥ ሌላው በመኝታው ይገደላል።

በዚህ ሚዛን የሮማ የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ሲመዘኑ ምን ይሆናል? የሮማ ጸሐፊዎች ከተማይቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 ተቈረቈረች፥ ነገሥታቱም በ509 ተባረሩ ብለው ጽፈዋል። በዚህ መካከል ያለው 244 ዓመት ነው፤ ነገሥታቱ ግን ሰባት ብቻ ናቸው፤ ለአንዱ 35 ዓመት ያህል ይደርሰዋል። ከእነዚሁም ሰባት፥ ታርኲኒዎስ ቀዳማዊና ሰርዊዎስ ቱልዮስ እንደ ተገደሉ፥ የመጨረሻውም እንደ ተባረረ ያው ታሪክ ይነግረናል። ግድያና ስደት ባለበት ቤት ዘመን እንዴት ሊረዝም ይችላል? ስለዚህ ከሁለት ነገር አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ወይ ዘመኑ ከልኩ ተዘርግቷል፥ ወይ ከሰባቱ ሌላ የነገሡና ስማቸው የጠፋ ሰዎች ነበሩ።

ነገሩ ከሒሳብ ወደ ፍርድ የሚሻገረው በዚህ ነው። አንድ ጸሐፊ ክፍተትን ለመሙላት የአንዱን ንጉሥ ዘመን ሲዘረጋ፥ ያን ትርፍ ዓመት ከባዶ ቦታ አያመጣውም፤ በዚያ ጊዜ በእውነት ከኖረና ከገዛ ከሌላ ሰው ላይ ይወስደዋል እንጂ። ስድስት ወር ገዝቶ የተገደለው ሕፃን፥ ስለ ልጇ ሞግዚት ሆና አገር የጠበቀችው እናት፥ በወንድሙ የታሠረው ታላቅ ወንድም፥ እነዚህ ሁሉ ከዝርዝሩ ወጥተው ዓመታቸው ለባለ ዝናው ንጉሥ ይሰጣል። ገበሬ የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ቢያርስ ዳኛ አለበት፤ የሙታንን ዘመን ገፍቶ የሚያርስ ጸሐፊ ግን ከሳሽ የለበትም። ቍጥር ለእነዚያ ለተረሱት ጠበቃ ይሆናል።

ለዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኘው በመጽሐፈ ነገሥት ነው። መጽሐፉ ምናሴ 55 ዓመት መንገሡን እንደ ጻፈ፥ ልጁ አሞን 2 ዓመት፥ ኢዮአካዝና ዮአኪን ደግሞ 3 3 ወር ብቻ መንገሣቸውን አልሸሸገም። ዙፋኑን በደም የያዘችውን ጎቶልያንም አልተዋትም። በእስራኤል ዘምሪ 7 ቀን ብቻ ነገሠ፤ 7 ቀኑም ተጻፈለት። ኒውተን ከሰሎሞን በኋላ የነገሡትን የይሁዳ ነገሥታት 18 ብሎ ቈጥሮ፥ 390 ዓመት ሲያካፍልላቸው ለአንዱ 22 ዓመት ያህል አገኘ። ነገር ግን አንባቢ መጽሐፉን ገልጦ ጎቶልያንና ሁለቱን ባለ 3 ወር ነገሥታት ሳይተው ቢቈጥር 20 ያገኛል፤ ያን ጊዜ ድርሻው ወደ 19 ዓመት ተኩል ይወርዳል። ሁለት ሰው ከቍጥር ሲወጣ የቀሩት ዘመን ይረዝማል፤ ጠንቃቃው ሊቅ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ደግሞም ያው መጽሐፍ ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ 55 ዓመት የነገሠው ምናሴ በክፋቱ የታወቀ ነው፤ ደጉ ኢዮስያስ ግን 31 ዓመት ነግሦ በመጊዶ ወደቀ። ስለዚህ የዘመን ርዝመት የጽድቅ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ሆኖም ቍጥርን ከልኩ በላይ ማክበርም ስሕተት ነው። መካከለኛ ድርሻ ስለ ብዙዎች ይናገራል እንጂ አንዱን ሰው አያውቀውም። የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከ1643 እስከ 1715 ድረስ 72 ዓመት ነገሠ፤ ልጁንም የልጅ ልጁንም ቀብሮ ዙፋኑን ለልጅ ልጁ ልጅ ተወ፤ ያም ሉዊ 15ኛ እስከ 1774 ድረስ 59 ዓመት ነገሠ። ሁለት ነገሥታት 131 ዓመት ገዙ። 20 ዓመት የሚለውን ልክ ብቻ ይዞ ይህ ሊሆን አይችልም የሚል ሰው፥ በእውነት የሆነውን ይክዳል።

ኒውተን ራሱ ሚዛኑ እውነተኛ ሲሆን፥ ዕቃውን በሚዛኑ ላይ ያስቀመጠ እጁ ግን ያዘነበለ ነበር። የሌሎች አሕዛብ መንግሥት ሁሉ ከሰሎሞን መንግሥት እንዲያንስና እንዲዘገይ ይወድ ነበርና፥ የግብፅን ዘመን እጅግ አሳጠረ፤ ሴሶስትሪስ የተባለውንም የግብፅ ንጉሥ የሮብዓም ዘመን ሰው ከሆነው ከሺሻቅ ጋራ አንድ አደረገው። በ1822 ሻምፖልዮን የግብፅን የጥንት ጽሕፈት የሚነበብበትን መንገድ ከገለጠ በኋላ ግን፥ የግብፅ ነገሥታት ከዚያ አስቀድሞ ብዙ ዘመን እንደ ነበሩ ታወቀ። እንግዲህ ቍጥር ከአድልዎ ነጻ ቢሆንም፥ ቈጣሪው ነጻ ካልሆነ አይረዳውም።

ስለ አንዱ ንጉሥ ይህን ካልን፥ ስለ ቤቱ ሁሉ ደግሞ እንጠይቅ፤ የነገሥታት ቤት ለምን ይጠፋል? በ1873 ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ እንግሊዛዊ፥ የታላላቅ ቤተ ሰቦች ስም ስለ ምን እንደሚጠፋ ለሒሳብ ዐዋቂዎች ጥያቄ አቀረበ፤ መልስ የሰጠውም ሄንሪ ዋትሰን የሚባል ቄስና የሒሳብ ሊቅ ነበር። የነገሩ መሠረት ቀላል ነው። 100 ቤቶች አሉ እንበል፤ በየቤቱም ከአራት ሰዎች አንዱ ወንድ ልጅ አያገኝም፥ ሁለቱ አንድ አንድ ያገኛሉ፥ አንዱ ሁለት ያገኛል። የሰዉ ብዛት አይጨምርም አይቀንስምም። ነገር ግን በአንደኛው ትውልድ 25 ቤቶች ይጠፋሉ፤ እስከ ሁለተኛው ትውልድ የጠፉት 39 ይሆናሉ፤ እስከ አምስተኛው 60፥ እስከ አሥረኛው 74 ይደርሳሉ። ከእነዚህ ቤቶች አንዱም ከሌላው ይልቅ አልበደለም፤ ሁሉም በአንድ ሕግ ኖሩ፤ ሦስት አራተኛው ያህል ግን ወራሽ አጣ።

ዋትሰን ከዚህ ተነሥቶ፥ ሕዝብ እየበዛ ቢሄድ እንኳ ስም ሁሉ በመጨረሻ ይጠፋል ሲል ደመደመ። ይህ ግን ስሕተት ነበር። ስቴፈንሰን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1930 እንዳስረዳው፥ አንድ አባት በመካከለኛ ድርሻ ከአንድ ወንድ ልጅ በላይ ካለው፥ አንዳንዱ ቤት ጸንቶ የመኖር ተስፋ አለው። ስለዚህ ከዚህ የምንማረው ተስፋ መቍረጥን አይደለም፤ በፍርድ መታገሥን ነው። አንድ ቤት በጠፋ ጊዜ፥ ድል ያደረገው ወገን ጸሐፊ ብዙ ጊዜ፥ በኃጢአታቸው ጠፉ፥ ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መጥፋታቸው ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ያለ ልዩ በደልም የሚጠፋ ቤት ብዙ ነውና።

በአገራችንም ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያሳይ ምሳሌ የዛጉዬ ነገሥታት ቤት ነው። ዝርዝሮቹ አይስማሙም፤ የነገሥታቱን ቍጥር አንዱ 5፥ ሌላው 11፥ ሌላውም 16 ያደርሰዋል፤ ጠቅላላ ዘመናቸውንም አንዱ 133 ሌላው 333 ዓመት ይለዋል። 11 ነገሥታት ብንይዝ፥ 133 ዓመት ለአንዱ 12 ዓመት፥ 333 ዓመት ደግሞ 30 ዓመት ያህል ይሰጠዋል። ዙፋኑ ከወንድም ወደ ወንድም፥ ከአጎትም ወደ ወንድም ልጅ እንደ ተላለፈ ትውፊቱ ራሱ ስለሚናገር፥ 30 ዓመት ከባድ ሆኖ ይታያል። 16 ነገሥታት ብንይዝ ግን ያው 333 ዓመት ለአንዱ 21 ዓመት ያህል ስለሚሆን ሸክሙ ይቀላል። እንግዲህ ቍጥር አንዱን ዝርዝር እውነት ሌላውን ሐሰት ብሎ አልፈረደም፤ የነገሥታቱን ብዛት ሳታጣሩ ስለ ዘመኑ አትከራከሩ፥ አለን እንጂ።

በአንዳንዱም ዝርዝር 40 ዓመት ለበርካታ ነገሥታት ተደጋግሞ ይገኛል። ዳዊትና ሰሎሞን 40 40 ዓመት እንደ ነገሡ ስለ ተጻፈ፥ ጸሐፊው የሚያከብረውን ንጉሥ በእነርሱ ልክ መስፈሩ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ሐሰተኛ አንለውም፤ በቍጥር አመሰገነ እንጂ አልለካም። ስሕተቱ የእኛ ይሆናል፤ ለምስጋና የተጻፈውን ቍጥር ለመለኪያ ብንወስደው።

በ1270 ይኵኖ አምላክ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ ከተጻፉት ብዙዎቹ ጽሑፎች የዛጉዬን ቤት ዙፋን የማይገባው ቤት አድርገው ቈጠሩት። ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚሁ ከወደቀው ቤት ይምርሐነ ክርስቶስን፥ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን በቅዱሳን ቍጥር ታስባለች። ዘውዱ ከእጃቸው መውጣቱ ቅድስናቸውን አላስቀረም።

አንባቢ ሆይ፥ በመጀመሪያ ወደ ጠራነው ወደዚያ ደራሲ እንመለስ። 12 ነገሥታትን 40 40 ዓመት ማንገሡን ቢተው ይሻለዋል። አንዱን 50 ዓመት ያንግሠው፤ ሌላውን በነገሠ በሦስተኛው ወር ይቅበረው፤ በወንድሙ የተገፋውን በስሙ ይጥራው፤ 7 ቀን የነገሠውንም 7 ቀኑን ይስጠው። ያን ጊዜ መንግሥቱ በዓለም ላይ ባይኖርም፥ ሰው በእርግጥ የሚኖርበትና የሚሞትበት መንግሥት ይሆናል። ከልቡ ለሚጽፈው ሰው ይህ የሚገባ ከሆነ፥ በእውነት የኖሩትን ሰዎች ዘመን ለሚጽፈውማ እንዴት አብልጦ አይገባው!