ማንን እንመን? በወረራ ዘመን ስለሚነገር ዜና

ጌታችን በተነሣበት ማለዳ በኢየሩሳሌም ሁለት ዜናዎች ተሰሙ። አንደኛውን ያመጡት ከመቃብሩ የተመለሱት ሴቶች ናቸው፤ ሐዋርያት ራሳቸው እንኳ ከንቱ ወሬ መስሏቸው አላመኑትም። ሁለተኛው ገንዘብ ተከፍሎበት የተሠራጨ ነው። ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 28 እንደሚተርከው፣ ጠባቂዎቹ ወታደሮች ተኝተው ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ሥጋውን እንደ ሰረቁ እንዲናገሩ ተደረገ። አገሪቱ በባዕድ ጦር የተያዘች ስለ ነበረች የወታደር ቃል ከሴቶቹ ቃል ይልቅ ክብደት ነበረው። ተኝቶ የነበረ ሰው ሌባው ማን እንደ ሆነ በምን ዐወቀ ብሎ የጠየቀ ግን በዚያ ቀን የተገኘ አይመስልም።

ይህን ያነሣነው ስለ ትንሣኤ ለመስበክ አይደለም። የባዕድ ጦር በገባበት አገር ስለሚሆነው ነገር በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚደርሰን ወሬ እርስ በርሱ ይጣረሳል፤ ስለ ዩክሬይንም ሆነ ስለ ጋዛ አንዱ የሚያስረግጠውን ሌላው ይክዳል። ከምእመናኖቻችን አንዳንዶቹ የወደዱት ወገን የተናገረውን ሁሉ ይቀበላሉ። ሌሎች ደግሞ «ሁሉም ይዋሻል፤ እኔ ማንንም አላምን» ብለው ያርፋሉ፤ ይህም የብልህ ሰው አነጋገር ይመስላል። ለእኛ ግን ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው የተሻለ ሆኖ አልታየንም፤ ምክንያቱንም ሩቅ ሳንሄድ በራሳችን ባሕር ዳርቻ እናገኘዋለን።

የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው አኪሌ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር እየመራ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ በተከታዩ ወር በሚያዝያ ደግሞ ጦሩ ወደ ጣና ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ። ይኸው ሰው ብዙም ሳይቆይ ስለ ጎንደር ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ዘማቹም፣ የዘመቻው ተራኪም፣ የተራኪው አወዳሽ የሆነው ፓርቲ አለቃም አንድ ሰው ነበር ማለት ነው። ሉቼ የተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅትም (ስሙ በጣልያንኛ «ብርሃን» ተብሎ ይነበባል) ለዚሁ ጦርነት የተለየ ክፍል አቋቁሞ ሥዕሉን ለጣሊያን ሕዝብ ያሳይ ነበር።

በአማርኛም ቢሆን አፍ አልጠፋም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን በምንደርስባት በዘጌ የተወለዱት ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ያሳተሙ ታላቅ የብዕር ሰው ነበሩ። በወረራው ዘመን ግን ከገዢዎቹ ጎን ቆመው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። የአገዛዙ የአማርኛ ጋዜጣም «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ይባል ነበር። በዚያ ዘመን የአገዛዙ ወገን የነገረን ሁሉ ፈጠራ አልነበረም። ባርነት በአገራችን ነበረ፤ ወራሪው የባርነት መሻሪያ ዐዋጅ ዐውጇል፤ መንገድም ሠርቷል። እውነት የሆነውን እየመረጠ የሚነግርህ ሰው ቃል በቃል ሲመረመር ላይያዝ ይችላል፤ ያልነገረህን ካልጠየቅህ ግን አታልሎሃል።

ያልተነገረውስ ምን ነበር? በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ተጣለ። ራስ እምሩ የጎጃም ገዢ ስለ ነበሩ ከጦራቸው ብዙው ከዚህ ከእኛ አገር የዘመተ ገበሬ ነው። የመርዙ የመጀመሪያ ምስክሮች እነዚህ ቆዳቸው የተላጠ፣ ዐይናቸው የጠፋ ዘማቾች ነበሩ፤ ጋዜጣ አልነበራቸውም። ሮማ ላይ ግን የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ለየጋዜጣው ምን እንደሚጻፍና ምን እንደማይጻፍ በየቀኑ ያዝ ነበር፤ የጋዙ ነገር ከማይጻፈው ወገን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ይህንኑ በጄኔቫ ሊናገሩ ሲቆሙ በፉጨት የረበሿቸው የጣሊያን ጋዜጠኞች ናቸው። ለመዘገብ የመጣ ሰው ፉጨት ይዞ መምጣቱን ልብ ይሏል።

እንግዲህ «ሁሉም ይዋሻል» የሚለው ሰው በዚያ ጊዜ የት ይቆም ነበር? በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ከየአገሩ የመጡ ብዙ ጋዜጠኞች ወደ ጦር ሜዳ እንዳይሄዱ ተከልክለው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ የሚጽፉት ያጡት የሰሙትን ሁሉ እያጋነኑ ይልኩ ነበር። ካቶሊካዊው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ ይህን ትዕይንት በማሾፍ ገልጾታል፤ ማሾፉም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን የሐሰተኛ ወሬ ብዛት እውነተኛውን ጩኸት ለማቃለል ምክንያት ሆነለትና ስለ ጋዙ አቃልሎ ጻፈ፤ የወራሪውን መንገድ ግን አደነቀ። ጥርጣሬው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ነበር። የለንደኑ የታይምስ ጋዜጠኛ ጆርጅ ስቲርም ያንኑ የሆቴል ወሬ ሰምቷል፤ እርሱ ግን እያጣራ ጻፈ፤ ጣሊያኖችም አዲስ አበባ በገቡ በጥቂት ቀን ውስጥ አባረሩት።

ዝም ያሉም ነበሩ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ ዶክተር ማርሴል ጁኖ በኮረም አጠገብ በጋዝ የተቃጠሉ ሰዎችን በዐይኑ አየ። የመንግሥታቱ ማኅበር ስለ ጋዙ መረጃ በጠየቀ ጊዜ ኮሚቴው ገለልተኝነቱን ጠቅሶ ሳይሰጥ ቀረ። ጁኖ ያየውን በመጽሐፍ ያወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ስለ ሌላው ስንጽፍ የራሳችንን ቤት ማለፍ አይገባንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 11ኛ ነሐሴ 21 ቀን 1927 ዓ.ም. ለካቶሊክ ነርሶች ጉባኤ ሲናገሩ አገር ለመያዝ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ዐመፃ እንደሆነ ገልጸው ነበር። በቫቲካን ጋዜጣ ታትሞ የወጣው ቃል ግን ለስልሶ፣ በ«ምናልባት»ና በ«ቢሆንም» ተከብቦ ወጣ። የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር ደግሞ ጥቅምት 17 ቀን 1928 ዓ.ም. በካቴድራላቸው ዘመቻውን አወደሱ። በዚያ ዘመን ጋዜጣውን ያነበበ ካቶሊካዊ ጳጳሱ የተናገሩትን ሳይሆን እንዲታተም የተፈቀደውን አነበበ። ይህን መጻፋችን ቤተ ክርስቲያንን ለማሳጣት አይደለም፤ ስምንተኛው ትእዛዝ በእኛም ላይ ስለሚሠራ ነው።

ከዚህም የከበደ ፈተና አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ ያለቀው ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት ባቀረበው መሠረት 30,000 ነው። ዘመኑን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል 19,000 ገደማ ይላል። ግራዚያኒ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ የተገደሉትን ወደ ሮማ ሲያስታውቅ 449 አለ፤ የካምቤል ምርምር ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያሳርገዋል። በአንዱ ቦታ የወገናችን ቁጥር ዝቅ አለ፤ በሌላው የወራሪው ቁጥር ከፍ አለ፤ ሚዛኑ ግን አንድ ነው። ሁለተኛውን በደስታ ተቀብሎ በፊተኛው የሚቈጣ ሰው ሙታኑን አክብሯል ብለን አናምንም፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ነፍስ ተጨማሪ አያስፈልገውም። ስቲር ራሱ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም ሲመለሱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ሹም ሆኖ «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። ጋዜጣው ለነፃነታችን የቆመ ነበር፤ ቢሆንም የጦር መሣሪያ ነበር፤ የዚያው የስቲር እጅ በ1928 የጻፈውንና በ1933 የጻፈውን በአንድ ዐይን ማንበብ አይገባም።

ቅዱስ ቶማስን በጥርጣሬው የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው። እርሱ ግን የጠየቀው ቁስሉን ለማየትና ለመዳሰስ ነው፤ «ሁሉም ይዋሻል» ብሎ ወደ ቤቱ አልሄደም። ካቴኪስቶቻችን ወጣቶች ስልክ ይዘው ሲመጡ ከዚህ ሊጀምሩ ይችላሉ፦ ይህን የሚናገረው ሰው በቦታው ነበረ ወይስ ሰማ? ወደ ቦታው እንዳይገባ የተከለከለ ማን ነው? ከልካዩስ? ይህን በመናገሩ የሚያገኘው ጥቅም ነው ወይስ ጉዳት? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ በሩቅ ያሉ ዘመዶቻችን እኛ ስለምንኖርበት ከተማ እኛ የማናውቀውን ወሬ ይነግሩን እንደ ነበር አንባብያን ያስታውሳሉ። በተዘጋ በር ላይ ሁለት ዐይነት ሰው ይቆማል፤ ያላየውን የሚናገርና፣ አላየሁምና አልሆነም የሚል።

ከሁለተኛው ወገን የሆነውን አንድ ሰው እንጥቀስ። ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወረራው ጊዜ በፈቃዱ ዘምቶ መኮንን የነበረ፣ በኋላም በጣሊያን እጅግ ዝነኛ ከሆኑት ጋዜጠኞች አንዱ ነው። እኔ እዚያው ነበርሁ፤ ጋዝ አላየሁም እያለ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተከራከረ፤ ታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ሰነድ እያቀረበ ይሞግተው ነበር። ሞንታኔሊ አላየሁም ሲል ምናልባት አልዋሸም፤ እርሱ በነበረበት ቦታ ስላልወረደ በተከዜም አልወረደም ማለቱ ግን ስሕተት ነበር። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሞንታኔሊም በዚያው ዓመት ሰነዶቹን አይቶ መሳሳቱን በጋዜጣ ገለጸ። ጋዙ ከወረደ 60 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ተከዜ ከዘመቱት የጎጃም ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳይሰሙ አልፈዋል።