ዓላማ፣ ዕድልና የካርታ ጨዋታ

ሰው ለራሱ ዓላማ ሲያወጣ ቃል የሚገባው ምኑን ነው? ድካሙን ነው ወይስ የድካሙን ፍሬ? ገበሬው «ዘንድሮ ሃያ ኩንታል ጤፍ አስገባለሁ» ሲል፣ ደራሲው «ይህ ተውኔቴ አዳራሽ ይሞላል» ሲል፣ ተማሪው «ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ» ሲል፣ ሦስቱም በእጃቸው ያለውንና በእጃቸው የሌለውን በአንድ ከረጢት ከትተው ይናገራሉ። ዝናቡ የገበሬው አይደለም፤ የተመልካቹ ስሜት የደራሲው አይደለም፤ የሌላው ተማሪ ትጋትም የዚህኛው አይደለም። ይሁን እንጂ ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ ራሱን የሚያመሰግነው ወይም የሚወቅሰው በዚሁ በተቀላቀለ ውጤት ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንን የቆየ የግብረ ገብ ጥያቄ ብዙ ሰው ለቁም ነገር ከማይቆጥረው ስፍራ፣ ከካርታ ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ለመመርመር ይሞክራል።

በመጀመሪያ ጨዋታዎችን ሁሉ በአንድ ዓይን መመልከት ተገቢ አይደለም። በገበጣና በሰንጠረዥ ዕድል ስፍራ የለውም። ጠጠሩም ሆነ ንጉሡ በግልጽ ተቀምጧል፤ የተሸነፈ ሰው አርቆ አለማየቱን እንጂ ሌላ የሚያሳብበው ነገር የለውም። በሎተሪ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቲኬቱን የገዛ ሰው የቱንም ያህል ቢጠበብ ዕጣውን አይለውጠውም። ፖከር የሚባለው የካርታ ጨዋታ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ቴክሳስ ሆልደም በተሰኘውና በስፋት በሚታወቀው ዓይነት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ከ52 ካርታዎች ሁለቱን ለብቻው ይይዛል፤ አምስት ካርታዎች ደግሞ ለሁሉም በጋራ ጠረጴዛው ላይ ቀስ በቀስ ይገለጣሉ። በየመሐሉ ተጫዋቹ መደቡን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም ሌላው ያስያዘውን ያህል ከፍሎ ይቀጥላል፣ ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። የሚደርሰው ካርታ የዕድል ነው፤ በደረሰው ካርታ የሚያደርገው ግን የራሱ ነው። የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1944 ከምጣኔ ሀብት ሊቁ ከኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ባሳተመው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ውስጥ ለፖከር ሰፊ ስፍራ መስጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከፊሉ የተሰወረ፣ ከፊሉ የተገለጠ፣ ባላጋራም ያለበት ውሳኔ የሰው ልጅ የዕለት ኑሮ ነውና።

እኔ ይህንን ጨዋታ የተማርሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ማታ በአንዳችን ቤት ስንሰበሰብ ነው። ስንጀምር የምናስይዘው ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዋል አደር ሲል ግን ገንዘቡም አደገ፤ ሽንፈቱም ከኪሴ አልፎ ክብሬን መንካት ጀመረ። ስለዚህ በአንድ የመስከረም ወር መባቻ አዲስ ደብተር ገዝቼ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «በዚህ ዓመት የተሻልሁ ተጫዋች እሆናለሁ። እስከ ጳጉሜን 10,000 ብር አተርፋለሁ።» በዚያን ጊዜ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች አንድ ነገር የሚናገሩ መስለውኝ ነበር። እንደማይናገሩ ያስተማሩኝ ሁለት ምሽቶች ናቸው።

በመጀመሪያው ምሽት፣ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸውን አምስት ካርታዎች ለማሟላት አንድ ጎደለኝ፤ የሚገለጠውም አንድ ካርታ ብቻ ነበር። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች መካከል የሚጠቅሙኝ 9 ናቸው። መሐል ላይ 100 ብር ነበር፤ ባላጋራዬም የቀረውን 100 ብር በሙሉ ጨመረ። እንግዲህ 200 ብር ለማግኘት 100 ብር እንድከፍል ተጠየቅሁ ማለት ነው። ይህንን ውሳኔ 46 ጊዜ ብደግመውና እያንዳንዱ ካርታ አንድ አንድ ጊዜ ቢወጣ፣ 9 ጊዜ አሸንፌ 1,800 ብር አገኛለሁ፤ 37 ጊዜ ተሸንፌ 3,700 ብር አጣለሁ። አስተዋይ ተጫዋች በዚህ ጊዜ ካርታውን ይጥላል። እኔ ግን ከፈልሁ፤ ከዘጠኙ አንዱ ወጣ፤ ገንዘቡንም ሰበሰብሁ። በደብተሬ ላይ «ዛሬ ጥሩ ተጫወትሁ» ብዬ ጻፍሁ።

በሁለተኛው ምሽት ሁለት አስ ይዤ፣ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ገንዘባችንን በሙሉ አስያዝን። ሁለት አስ ከሁለት ንጉሥ ጋር ሲገጥም ከመቶው ሰማንያ ያህሉን ጊዜ ያሸንፋል። እኔ የተሸነፍሁት ከቀሪው ሃያ ያህል በአንዱ ነው። በደብተሬ ላይ «ተሳሳትሁ» ብዬ ጻፍሁ። ከወራት በኋላ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ሳነብ አፈርሁ። ስሕተቴን አመስግኜ፣ ትክክሌን ወቅሼ ኖሮአል። የተሻልሁ ተጫዋች እንዲያደርገኝ የገዛሁት ደብተር የባሰ ተጫዋች እንድሆን ሲያሠለጥነኝ ከርሞአል።

ገንዘቡ ችሎታን አይመሰክርምን? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይመሰክራል፤ ነገር ግን ምስክርነቱ እጅግ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2017 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በፒትስበርግ ከተማ ከአራት ብርቱ ተጫዋቾች ጋር ሲያጋጥሙ፣ ችሎታን ከዕድል ለመለየት 20 ቀን የፈጀ የ120,000 እጅ ጨዋታ አስፈልጓቸዋል። እኛ በአንድ ቅዳሜ ማታ የምንጫወተው ቢበዛ መቶ እጅ ነው። በዚህ ስሌት 120,000 እጅ ለመሙላት ከሃያ ዓመት በላይ ያሉ ቅዳሜዎች ያስፈልጉናል። እኔ ደግሞ በአንድ ማታ ኪስ ራሴን እሾማለሁ፤ በአንድ ማታ ኪስ ራሴን እሽራለሁ! ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም የፖከር ውድድር 839 ተጫዋቾች ከተሰለፉበት ሰልፍ አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ፣ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ከርሱ በታች የቀሩት 838 ተጫዋቾች ምን እንደ ወሰኑ ግን ማን ጠየቀ?

እንግዲህ ዓላማ መቀመጥ ያለበት ከውጤቱ ላይ ሳይሆን ከውሳኔው ላይ ነው ወደሚለው ሐሳብ እንደርሳለን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ የስቶይክ ፈላስፎችን ትምህርት ሲያብራራ የቀስተኛን ምሳሌ ያነሣል። የቀስተኛው ድርሻ አጥርቶ ለማነጣጠር የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ነው፤ ዒላማው መመታቱ ግን ቀስቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ የሚሆን ነገር ነው። በዘመናችንም ማሪያ ኮኒኮቫ የተባለች የሥነ ልቡና ምሁርና ደራሲ ዕድልና ችሎታን ለመመርመር ስትል ፖከርን ከሀሁ ጀምራ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመችው መጽሐፍ ታሪኩን ጽፋዋለች። መምህሯ ኤሪክ ሳይድል የጨዋታው ፍጻሜ እንዲነገረው አይፈልግም ነበር፤ የሚጠይቃት እንዴት አስባ እንደ ወሰነች ነው።

እኔም ደብተሬን እንደገና ጻፍሁ። አሥሩን ሺህ ብር ሰርዤ በምትኩ አራት ነገሮች አስቀመጥሁ። ከመክፈሌ በፊት ሒሳቡን በልቤ አሰላለሁ። በየጨዋታው ማግስት አምስት እጆችን መርጬ፣ ያሸነፍሁበትንም የተሸነፍሁበትንም ፍጻሜ ሸፍኜ፣ ውሳኔዬን ብቻ እመረምራለሁ። ከሽንፈት በኋላ ንዴት ሲይዘኝ፣ ይኸውም ያጣሁትን አሁኑኑ ካላስመለስሁ የሚል ስሜት ሲነሣብኝ፣ ከጠረጴዛው እነሣለሁ። ሲደክመኝም «አንድ እጅ ብቻ» አልልም። እነዚህ አራቱ በሙሉ በእኔ እጅ ያሉ ናቸው፤ መጥፎ ካርታ አያፈርሳቸውም፤ መልካም ካርታም አይሠራቸውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ጨዋታዬ እንደ ተሻሻለ ጓደኞቼም መሰከሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህ ጽሑፍ አጭር በሆነ ነበር።

በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሁሉም ይልቅ አጥርቼ የተጫወትሁበት ማታ ነው ለማለት እደፍራለሁ። አልተናደድሁም፤ አልቸኮልሁም፤ ሒሳቤንም አላዛነፍሁም። ካርታው ግን እንቢ አለ። በኪሴ የነበረው ሲያልቅ፣ ሰኞ ለልጄ ትምህርት ቤት ልከፍለው ያወጣሁት 6,000 ብር በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ውሳኔዬ ትክክል ነው፤ ዕድሉ ይመለሳል» አልሁና እርሱንም አስያዝሁ። እርሱም ሄደ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ቤት ስገባ ባለቤቴ አልተኛችም ነበር።

«ተሸነፍክ?» አለችኝ።

«ተሸነፍሁ። ግን ዛሬ ከመቼውም ይልቅ ጥሩ ተጫውቻለሁ» አልኋት።

ጥቂት ዝም ብላ፣ «የተጫወትክበት ገንዘብስ የማን ነው?» ብላ መብራቱን አጠፋች።

በዚያች ጨለማ ውስጥ ፍልስፍናዬ የጎደለው ነገር ታየኝ። ራስን በውጤት ሳይሆን በውሳኔ መመዘን ታላቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ሰው ይህንኑ ጥበብ ከተጠያቂነት ማምለጫ ሊያደርገው ይችላል። የስቶይኮቹ ቀስተኛ ስለ ማነጣጠሩ ብዙ ተነግሮለታል፤ ከዒላማው በስተኋላ ማን እንደ ቆመ ግን አልተነገረም። ቀስቱ ቢስት የሚወጋ ሰው ካለ፣ ያንን አይቶ ደጋኑን አለመሳብም የማነጣጠሩ ክፍል ነው። እኔ ከካርታው በኋላ የሚመጣውን ውሳኔ ሁሉ ስመረምር፣ ከካርታው በፊት የሚመጣውን የመጀመሪያውን ውሳኔ አልፌው ኖሮአል፤ እርሱም ምን አስይዛለሁ፣ ብሸነፍ የሚከፍለውስ ማነው የሚለው ነው። ይህ ውሳኔ ዕድል የሌለበት፣ ምንም ያልተሰወረበት ውሳኔ ነው። ያለ አንዳች ማመካኛ የተሸነፍሁት በዚሁ ነበር።

ይህ ጥያቄ ከእኔ ቤት አልፎ ወደ ሌላውም ቤት ይሄዳል። ጤፍ ከመሬት ይበቅላል፤ ተውኔትም ከምንም ተነሥቶ ለብዙዎች ይተርፋል፤ በፖከር ጠረጴዛ ላይ ግን ምንም አይበቅልም። የእኔ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው። ከመካከላችን አንዱ ወር ሳይደርስ የሚበደር ሰው ነበር፤ ጨዋታውም እምብዛም አይሆንለትም ነበር። ችሎታዬ ሲያድግ በመጀመሪያ የበላው የእርሱን ደመወዝ ነው። ስለ መሻሻሌ በደብተሬ የጻፍሁት ምስጋና ሁሉ በእርሱ ቤት ጎዶሎ ሆኖ ተጽፎ ነበር። እርግጥ ነው፣ በጨዋታው ደንብ ፊትን ደብቆ፣ ደካማውን ካርታ ብርቱ አስመስሎ ባላጋራን ማታለል የተፈቀደ ነው፤ የተቀመጠው ሁሉ ያንን ተስማምቶ ተቀምጧል። ሰው በገዛ ደብተሩ ላይ ራሱን እንዲያታልል የሚፈቅድ ደንብ ግን የለም።

ስለዚህ ለጓደኞቼ ነገሩን ገልጬ በገንዘብ መጫወታችንን ትተን በሽምብራ ፍሬ እንድንጫወት፣ የተሸነፈም የሻዩን ሒሳብ እንዲከፍል ጠየቅሁ። ሁለቱ «ገንዘብ የሌለበት ፖከር ጨው የሌለው ወጥ ነው» ብለው ቀሩ። አባባላቸው ሐሰት አይደለም፤ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው እንዳሻው ይከፍላል፤ ጨዋታውም በከፊል ይላላል። እኛ የቀረነው ግን ያንን ጎዶሎ በፈቃዳችን ተቀበልነው። ያ ይበደር የነበረው ወዳጃችን ዛሬም ከእኛ ጋር አለ፤ እስካሁንም ብዙውን ጊዜ ሻይ የሚጋብዘን እርሱ ነው።

በ2010ዎቹ ዓመታት በከተሞቻችን የስፖርት ውርርድ ቤቶች ሲበዙ፣ ወጣቶች ወረቀታቸውን ይዘው ውጤት ሲጠብቁ አይተናል። የአንዱ ማሸነፍ በሰፈሩ ሁሉ ይወራል፤ የመቶው መሸነፍ በየቤቱ ይቀበራል። በዚያ ላይ ዋጋውን የሚተምነው አወራራጁ ትርፉን አስቀድሞ ያሰላ ነው። ለእነዚህ ወጣቶች «ቁማር ክፉ ነው» ማለት ብቻውን ብዙ እንዳልጠቀመ ዐይተናል። ምናልባት የሚጠቅማቸው፣ እኔ ዘግይቼ የሰማሁትን ጥያቄ አስቀድመው እንዲሰሙ ማድረግ ይሆናል።

እኔም ሥራዬ ጽሕፈት እንደ መሆኑ ከካርታው ያገኘሁትን ወደ ብዕሬ ወስጄዋለሁ። ደካማ ተውኔት ጽፌ አዳራሽ የሞላበት ጊዜ አለ፤ ብዙ የደከምሁበትም በሦስተኛው ሳምንት ከመድረክ ወርዶአል። ጭብጨባው ካርታ ነው፤ ይደርሳል ወይም አይደርስም። በእኔ እጅ ያለው እውነት ያልመሰለኝን ቃል አለመተው፣ የሰለቸኝንም ትዕይንት እንደገና መጻፍ ነው። ይህንንም ስሠራ የሰዎቼን ጊዜና እንጀራ አስይዤ እንደ ሆነ መጠየቅ አለብኝ፤ ለጥበብ የተከፈለ ሁሉ ከጠቢቡ ኪስ ብቻ አይወጣምና።

የዘንድሮው ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ የብር ቁጥር የለበትም። በአራቱ ዓላማዎች ላይ አምስተኛ ጨምሬ፣ ከሁሉ በፊት እንዲነበብ ከላይ ጽፌዋለሁ፦ «የማስይዘው የራሴ የሆነውን፣ የምጫወተውም ማጣት ከሚችል ሰው ጋር ብቻ ነው።» ሰው ካርታውን አይመርጥም። ከመቀመጡ በፊት ግን ምን ይዞ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይመርጣል። መሻሻልም ከዚያ ይጀምራል።