የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው?

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ከወጣቶች ኅብረት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ መልእክት ደርሶኛል። ለታመመ ሕፃን ማሳከሚያ ገንዘብ ስታሰባስብ የነበረች የአጥቢያችን እኅት «ገንዘቡን በልታዋለች ተብሏል» ይላል። ከማን እንደ መጣ አላየሁም። «ለጥንቃቄ ያህል» የሚል ቃል ጨምሬ ወደ ሦስት ቡድኖች አስተላለፍኩት። የእንጅባራ ብርድ ጣቴን እያደነዘዘው እንኳ ለዚያ አልሰነፍኩም።

ገንዘቡ አልተበላም ነበር። ባሕር ዳር ላለ ሆስፒታል ተከፍሎ ደረሰኙ በእጇ ነው። ደረሰኟን ይዛ ሽማግሌዎች ፊት እስክትቀርብ ግን ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሳምንታት ከመዘምራን ቀረች፤ ሱቅ ስትገባ የነበረው ጨዋታ ይቋረጥ ጀመር። ሽማግሌዎቹ የወሬውን ምንጭ ፈለጉ። እኔን ሲጠይቁኝ «ከሌላ የመጣ ነው» አልኳቸው። ያ ሌላውም እንዲሁ አለ። ሰንሰለቱ እየተጎተተ ዳንግላ ደረሰና እዚያ ጠፋ። ሁላችንም አስተላላፊ ነን፤ ተናጋሪ ግን የለም። እናቶቻችን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የጣት ወለምታ ደግሞ ጭራሽ የማን ጣት እንደ ሆነ አይታወቅም።

ተማሪ ሳለን የአማርኛ መምህራኖቻችን «የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። በሶ የበላውን አበበን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቱ እርሱ ነው። ቋንቋችን ለዚህ ቃል የሰጠው ስፋት ይገርመኛል። ቤት ያለው ሰው ባለቤት ነው። የትዳር ጓደኛም ባለቤት ይባላል። በዓረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊውም ባለቤት ነው። በሦስቱም ዘንድ አንድ የጋራ ነገር አለ፤ ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ ወጥቶ «አቤት» የሚል አለ። ያ መልእክት ግን «ተብሏል» ነበር የሚለው። ማን አለ? «ተባለ»፣ «ይባላል»፣ «አሉ» የምንላቸው ቃላት በር የሌለው ቤት ናቸው፤ ብናንኳኳ የሚከፍትልን የለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ይህ ችግር ገጥሞት ነበር። በስሙ የተላከ የሚመስል መልእክት የተሰሎንቄን አማኞች እንዳያናውጥ አስጠንቅቆ፣ በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደ ጻፈ ይነግራቸዋል። የእጅ ጽሑፉ ምልክቱ ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጸሐፊው ነው። ቃሉ የሚቀመጥበት ቦታስ ባለቤት አለው?

ይህን ጥያቄ ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ የምትገኘው ባሕር ዳር በደም ጠይቃዋለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ ቀደም ባሉት ሳምንታት ስማቸውን፣ ፎቶግራፋቸውንና የሚኖሩበትን አካባቢ የሚጠቅስ፣ በትግራዋይነታቸው የሚወነጅል ጽሑፍ በፌስቡክ ተሰራጭቶ ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፉ እንዲነሣ አስቀድሞ አመልክቶ እንደ ነበር፣ ኩባንያው የመለሰለት ግን አባቱ ከሞቱ በኋላ እንደ ሆነ ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው ጉዳዩን የኬንያ ፍርድ ቤት ሊያየው አይችልም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ማየት እችላለሁ አለ። ልብ በሉ፤ ጥፋት አለ የለም የሚለው ገና አልተነካም። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው «የት አገር በር ላይ ይንኳኳ?» የሚለው ክርክር ብቻ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ አስቀድሞ የጻፉትና የተኮሱት ነው እላለሁ። ይሁን እንጂ ያ ጽሑፍ የተለጠፈው ግድግዳ ላይ ነው፤ ግድግዳውም ባለቤት አለው። ባለቤቱ ከግድግዳው ገቢ ያገኛል፤ የምናየውን ቅደም ተከተልም የሚወስነው የእርሱ ማሽን ነው። በምን ቋንቋ እንደምንሰዳደብ ግን በቅጡ አያውቅም። በኅብረታችን ከሚጸልዩት ብዙዎቹ በአውንግኛ ይጸልያሉ። የአውንግኛን ምርቃት ከእርግማን የሚለይ ሠራተኛ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ተቀምጧል ብዬ ማመን ይከብደኛል።

በአገራችን የራሳቸውን ቃል በራሳቸው ስም ያቆሙ ወጣቶች ነበሩ። «ጦማር» በግእዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ በድረ ገጽ መጻፍን «ጡመራ» ማለታችን ከዚያ የመጣ ነው። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ የተባለ የጦማሪያን ስብስብ መጻፍ ጀመረ። ስሙን ያወጡት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው። እስር ቤቱ ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ የቀረው አገር ዘጠነኛው ነው ለማለት። መሪ ቃላቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነበር። ገጻቸው አገር ውስጥ እንዳይነበብ ታገደ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ በሽብርተኝነት ተከሰሱ። ከክሱ መካከል ስልክና ኮምፒውተርን ከሰላይ ለመጠበቅ የሚሰጥ ሥልጠና መውሰድ ይገኝበታል። አምስቱ በሐምሌ 2007፣ የቀሩት አራቱ በጥቅምት 2008 ተፈቱ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችን ከእገዳ መክፈቱን አስታወቀ።

ከጻፉት ሁሉ ጋር መስማማት አይጠበቅባችሁም፤ እኔም በሁሉ አልስማማም። እኔን የሚይዘኝ አንድ ነገር ነው። «ማን ጻፈው?» ሲባሉ «ከሌላ የመጣ ነው» አላሉም። እኔ በአንዲት እኅት ስም ላይ ያንን አልኩ፤ ያስፈራኝም እስር ቤት አልነበረም፤ እፍረት ብቻ ነበር። (እውነት ተናግሮ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው ስሙን ቢደብቅ አልፈርድበትም። የሚደበቀው ከማን ነው፣ የሚጎዳውስ ማን ነው የሚለው ይለየዋል። የእኔ መደበቅ ከደካማ ሰው ነበር።)

ባለፈው ዓመት ከኅብረታችን አንዱ ወጣት፣ ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ፣ «መምህር፣ ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አለኝ። የራሳችንን ሲል የአጫጭር ጽሑፍ መድረክ ማለቱ ነው። ትዊተር በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በ140 ፊደል ተወስኖ የነበረው ዓይነት። (አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚሸከም እኛ በ140 ከእንግሊዞቹ የበለጠ እናወራለን፤ ይህ ጸጋ ይሁን ፈተና አላውቅም።) ማስቶዶን የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ኦይገን ሮችኮ የተባለ ጀርመን የሚኖር ወጣት አወጣው። ነጻ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ሰርቨር የተከራየ ሁሉ የራሱን ቤት ያቆምበታል፤ ደንቡን ያወጣል፤ ማን እንደሚገባ ይወስናል። ቤቶቹ ግን ተነጣጥለው አይቀሩም። በ2018 እ.ኤ.አ. የድረ ገጽ ደረጃ አውጪው ድርጅት ባጸደቀው የጋራ ቋንቋ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ በአንዱ ያለ ሰው በሌላው ያለውን ይከተላል፣ ይመልስለታልም። እኔ የገባኝ በዕድር ነው። እያንዳንዱ ዕድር የራሱ ዳኛና መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ሆኖም የአንዱ አባል በሌላው ለቅሶ ላይ ከመገኘት አይከለከልም። ሁሉን ዕድር የሚያዝ አንድ ዕድር የለም።

ነገሩ ወደድኩት፤ ፈራሁትም። የኪራዩን ዶላር ከየት እንደምናመጣ አሰብኩና ይህ ትንሹ ጣጣ እንደ ሆነ ቆይቶ ገባኝ። የሚያስፈራው ባለቤትነቱ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ ከደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሣ ያዛል። ቤት ከሠራን «አቤት» የምንለው እኛ ነን። ሌሊት ለሚለጠፍ ስድብ ማን ይነቃል? በሰው ስም ላይ ሐሜት ሲመጣ ማን ይዳኛል?

ሌላም አለ፤ ይህ ከአዋጁ ይልቅ ያስፈራኛል። በኤርምያስ መጽሐፍ ንጉሡ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት እየሞቀ፣ የተነበበለትን ጥቅልል በካራ እየቆረጠ ምድጃ ውስጥ ሲጥል እናያለን። ያ ንጉሥ ያልወደደውን ጽሑፍ ማጥፋት የሚችልበት ቁልፍ በእጁ ነበር። ቁልፉ በእኛ እጅ ሲገባስ? አንድ ልጅ «የኅብረቱ መሪዎች ገንዘብ ያወጡበትን አይነግሩንም» ብሎ ቢጽፍ፣ ሐሜት ነው ብለን እናነሣዋለን ወይስ መልስ እንሰጣለን? ትልቁ ቤት አያውቀንምና ያጠፋናል፤ ትንሹ ቤት ደግሞ በደንብ ስለሚያውቀን ያደላል። ሐሜትና ጥያቄ በስልክ ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በተለይ ጥያቄው ወደ እኛ ሲሆን።

ልጁ ይህን ስነግረው ሁለት ነገር አሳየኝ። አንደኛው፣ በእንዲህ ያለ መድረክ ያለ ሰው ቤቱ ቢከፋው ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሌላ ቤት መዛወር ይችላል፤ የድሮ ጽሑፉ አብሮት ባይሄድም ቅጂውን አውርዶ ያስቀምጠዋል። ባለቤቱ ይህን ካወቀ ይጠነቀቃል። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ የተነሣ ጽሑፍ ሁሉ ማን እንዳነሣውና ለምን እንደ ሆነ በስም የሚጻፍበት መዝገብ ይኑረን አለ። «ተነሥቷል» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም፤ «እኔ እገሌ አነሣሁት» ይባላል። ሰዋስው ያስተማርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ደስ አለኝ።

ከመካከላችሁ «ኔትወርክ ሲጠፋስ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ እንደ ኖረ ለእናንተ አልነግራችሁም። ያን ጊዜ የራስ ቤትም የሰው ቤትም እኩል ጨለማ ነበር። ባሮክ የተቃጠለውን ጥቅልል ዳግመኛ መጻፍ የቻለው ነቢዩ ከጎኑ ስለ ነበር ነው፤ እኛ ቅጂ በፍላሽና በወረቀት ማኖር ሊኖርብን ነው። ይህ መጽሔት በወረቀት መውጣቱን የምትንቁ ካላችሁ በዚያ ዓመት ምን እንዳነበባችሁ አስታውሱ።

አሁን መድረኩ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ለሙከራ ቆሟል፤ ከአዳራሹ ውጭ አይታይም። አሥራ አንድ ሰዎች ይጽፉበታል። ቁልፉን ሦስት ሰዎች እንዲይዙት ተስማማን። ሁለቱ ወዲያው ተመረጡ። ለሦስተኛዋ ያችን እኅት አሰብኩ። ወሬውን ያስተላለፍኩት እኔ እንደ ሆንኩ ቤቷ ሄጄ የነገርኳት በሁለት ዓመቴ ነው፤ ይቅር ብላኛለች፤ ወደ መዘምራኑ ግን አልተመለሰችም። እንድትገባ ስንጠይቃት ስለ ሶፍትዌሩም ስለ ዕድሩም ስነግራት በጸጥታ አዳመጠች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«በእኔ ላይ የተጻፈው እዚህ ተጽፎ ቢሆን ስንት ሰዓት ይቆይ ነበር?»

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እርሱ። ማናችንም ሰዓቱን አልነገርናትም። «መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ» ብላ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ቀጣዩ ስብሰባችን የፊታችን ቅዳሜ ነው።