ስለ ደባል መያዣ ገንዘብና ስለ አደራ

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሎንዶን ከተማ ከሄዱት የአገራችን ልጆች ብዙዎቹ ሙሉ ቤት ለመከራየት አቅም ስለሌላቸው፥ ባለቤቱ ራሱ ከሚኖርበት ቤት አንዲት ክፍል ይዘው በደባልነት ይቀመጣሉ። በሩ አንድ ነው፤ ወጥ ቤቱና መታጠቢያውም የጋራ ነው። ሲገቡም ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ሌላ መያዣ የሚባል ገንዘብ ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ይኸውም ደባሉ ዕቃ ቢያበላሽ ወይም ኪራይ ሳይከፍል ቢሄድ ለጉዳቱ መካሻ እንዲሆን ነው፤ ጉዳት ሳያደርስ የወጣ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡ ወደ ሰጠው ሰው ይመለሳል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ሲሆን፥ በእርሱ ምክንያት የፈረሰው ወዳጅነት ጥቂት አይደለም።

ወዳጄ ሆይ፥ አስቀድመህ ይህን ልብ አድርግ። ኪራይ ዋጋ ነው፤ በተሰጠ ጊዜ የባለቤቱ ይሆናል። መያዣ ግን አደራ ነው፤ በእርሱ እጅ ቢኖርም የእርሱ ገንዘብ አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ6ኛው ምዕራፍ ባልንጀራው ያኖረበትን አደራ የካደ ሰው ምን እንደሚገባው ተጽፏል፤ ዋናውን ሙሉ አድርጎ፥ አምስተኛውንም እጅ ጨምሮ ለባለ ገንዘቡ እንዲመልስ ነው። እንግዲህ 800 ፓውንድ የካደ ሰው 960 ይመልሳል ማለት ነው። የባልንጀራውንም ገንዘብ እንደ ያዘ በመሥዋዕቱ ብቻ ሊታረቅ አይችልም ነበር። ዛሬ ግን የሰው አደራ በእጁ ይዞ የሚጸልይ፥ ከዚያውም ገንዘብ ቆርሶ የሚመጸውት ሰው አይታጣም።

በኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ደግሞ ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዟል፤ የድሃው ደጅ እንዲከበር ነው። የደባል ነገር ግን ከዚህ ይልቅ የጠበበ ነው፤ መያዣውን የያዘው ሰው በውጭ የሚቆም ሳይሆን፥ ከእርሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ነውና።

የእንግሊዝም ሕግ ለተከራይ ያደረገውን ሁሉ ለደባል አላደረገም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቤቶች ሕግ መሠረት፥ ከ2007 ጀምሮ አከራይ የተቀበለውን መያዣ መንግሥት በፈቀደው ድርጅት ዘንድ ማስጠበቅ ግዴታው ሆኗል፤ ጊዜውም ዛሬ 30 ቀን ነው። ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት የሚቀመጥ ደባል ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ አይገባም። ከዚህም በላይ ባለቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፥ ተገቢ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ብቻ፥ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ደባል ምንም መብት የለውም ይላሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ውል በቃል ብቻ ቢደረግም ውል ነው፤ ያለ ምክንያት የተከለከለውንም መያዣ እስከ 6 ዓመት ድረስ በዳኛ ፊት መጠየቅ ይቻላል።

ዳሩ ግን ወገኖቻችንን ከሕጉ ይልቅ የሚያስቸግራቸው ይሉኝታ ነው። እንዲህ እናስብ። አንድ ተማሪ በአገሩ ሰው ቤት ይገባል። የቤቱን እመቤት እትዬ ይላቸዋል፤ እርሳቸውም ልጄ ይሉታል። በበዓል ቀን ዶሮ ወጥ ያቀርቡለታል፤ በታመመም ጊዜ አጥሚት ያፈሉለታል። ከዓመት በኋላ ሲወጣ 800 ፓውንድ መያዣውን ቢጠይቅ፥ «ትንሽ ቆየኝ ልጄ፥ አሁን በእጄ የለም» ይሉታል። ሁለተኛ ሲጠይቅ ምንጣፉ ነትቧል፥ ፍራሹም ጎድጉዷል ይላሉ። በሦስተኛው ስልኩን አያነሡም። ተማሪውም በልቡ «እንጀራቸውን በልቼ እንዴት እከራከራቸዋለሁ? ውለታ ቢስ እባላለሁ» ብሎ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ትዕግሥት ይመስለዋል። ነገር ግን በየቡናው ላይ ያማቸዋል፤ በጸሎት ቤት ሲያገኛቸውም ፊቱን ያዞራል። ይህ ቂም እንጂ ትዕግሥት አይደለም። ገንዘቡን በእውነት የተወ ሰው ስለ እርሱ አያወራም፤ ያልተወ ግን ይጠይቅ። እንጀራውም ስጦታ ነበረ፤ በስጦታ የተሰጠ ነገር ከዓመት በኋላ ተመልሶ ዕዳ ሊሆን አይገባውም።

እኒያ ሴትም ክፉ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ገንዘቡን በተቀበሉበት ወር ለቤቱ ዕዳ ከፍለውት፥ የሚቀጥለው ደባል ሲገባ ከእርሱ መያዣ ሊመልሱ አስበው ይሆናል። አደራ ማጥፋት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ሊሰርቅ ሳያስብ የሌላውን ገንዘብ ከራሱ ጋር ይቀላቅለዋል። ሰው በቤቱ የሚያስቀምጥ ክርስቲያን መያዣውን ለብቻው ቢያኖረው፥ ደባሉም በወጣ ቀን ክፍሉን አብረው አይተው ቢጨርሱ፥ ይህ ሁሉ ባልመጣም ነበር። ዘመን ያሳረጀው ነገር በደባል ላይ አይቈጠርም፤ የ8 ዓመት ፍራሽ ቢቀደድም የአዲስ ፍራሽ ዋጋ መቁረጥ ግፍ ነው። በትኩስ ምጣድ የተቃጠለ ጠረጴዛ ግን የደባሉ ዕዳ ነው፤ በጨርቅ ሸፍኖ ከመሄድ ይልቅ ራሱ አስቀድሞ ይናገር። ደግሞ አንዳንዶች መያዣው እንደማይመለስ ጠርጥረው የመጨረሻውን ወር ኪራይ ሳይከፍሉ ይወጣሉ። ይህን ብልሃት ይሉታል፤ እኔ ግን ሳይበደሉ መበቀል ነው እላለሁ።

የሚጠይቅ ሰው ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ባስተማረው ሥርዓት ይሂድ። መጀመሪያ ለብቻቸው ሆነው ይነጋገሩ። ይህ ካልሆነ በትሕትና ይጻፍ፤ ለምሳሌ «እትዬ፥ ስላደረጉልኝ ቸርነት አመሰግናለሁ። በገባሁ ቀን የሰጠሁዎትን 800 ፓውንድ በ14 ቀን ውስጥ እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ። የሚቆርጡት ቢኖር ምክንያቱንና ዋጋውን ይጻፉልኝ» ይበል። ከዚህ ጋር ገንዘቡን የከፈለበትን የባንክ ወረቀት፥ ሲገባና ሲወጣም ያነሣውን የክፍሉን ፎቶግራፍ ያስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሽማግሌዎች ይላክ፤ በዚህ ነገር የአገራችን ልማድና የወንጌሉ ትእዛዝ አንድ ናቸው።

ሽማግሌም ካልተሰማ ክርስቲያን ወደ ዳኛ ሊሄድ ይገባዋልን? ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለ መካሰሳቸው እንደ ገሠጻቸው እናውቃለን። ነገር ግን ተግሣጹ በከሳሹ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከመካከላቸው የሚያስታርቅ ብልህ ሰው በታጣባቸው በማኅበሩ ሁሉ ላይም ነው። እርሱም ራሱ በተበደለ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ማለቱ በሐዋርያት ሥራ በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። እንግዲህ ማስታረቅ ያልቻለ ማኅበር የተበደለውን ተማሪ ለምን ከሰስህ ሊለው አይገባውም።

በእንግሊዝ አገር እስከ 10,000 ፓውንድ ድረስ ያለው የገንዘብ ክርክር በትንንሽ ክሶች ችሎት የሚታይ ስለ ሆነ፥ ጠበቃ ሳይዙ መቅረብ ይቻላል። ከሳሹ አስቀድሞ የዳኝነት ይከፍላል፤ ቢረታም ይህ ብዙውን ጊዜ በተከሳሹ ላይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. ከግንቦት ወር 2024 ወዲህም ተከሳሹ የተከራከረ እንደ ሆነ ሁለቱ ወገኖች ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ፥ ፍርድ ቤቱ በመደበው አስታራቂ በኩል በስልክ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ያለ ክፍያ እንዲነጋገሩ ታዟል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሊስማማ ይችላልና በትዕግሥት ይናገር፤ እትዬ ማለቱንም አይተው።

ገንዘቡ በተመለሰ ጊዜ ደረሰኝ ጽፎ መስጠት የደባሉ ተራ ነው። በየቡናው ላይ ነገሩን የሰሙትንም ሰዎች እየዞረ፥ እትዬ ገንዘቡን እንደ መለሱለት ይንገራቸው።