ከዘጌው ሰው ጀምሩ

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ ጣና ሐይቅ ዳር ሾላው ሥር ተቀምጣችሁ ስትከራከሩ እኔም አጠገባችሁ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ስምንት ናችሁ። በየሁለት ሳምንቱ እየተገናኛችሁ ዘመን የተሻገሩ መጻሕፍትን አብራችሁ ልታነቡ ተስማምታችኋል፤ የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተግባባችሁም። አንዷ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለች፤ ወዲያው «እሱንማ ሁሉም ሰው አንብቦታል» ተባለችና ዝም አለች። ዕድሜዬን በአማርኛ መምህርነት የጨረስኩ ሰው ነኝና ያች ልጅ ዝም ስትል አንጀቴ አልቻለም።

ሁሉም አንብቦታል የሚባለውን መጽሐፍ እንዲያው ጠይቁ፤ ብዙው ሰው የሰማው እንጂ ያነበበው አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። እናቴ ወንፊቷንና ዱቄቷን ይዛ ትመጣና በር ላይ ትቀመጣለች። ስትነፋ ትቆይና የልብ ወለዱ ጀግና ሰብለ ወንጌል ስትመጣ እጇ ይቆማል፤ ትረካው እስኪያልቅ ወንፊቱ ጭኗ ላይ እንዳለ ይቀራል። በማግስቱ ውኃ ሲቀዳ ክርክር ነው። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ከልቡ የሚጠላ አለ፤ «አባት ቢሆኑ እናንተስ ምን ታደርጉ ነበር?» የሚል አለ። ልጅን ለቤተ ክርስቲያን በስለት መስጠት ይገባል አይገባም ተብሎ ሁለት ሴቶች ለሳምንት ሳይነጋገሩ ሰንብተዋል። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ፊደል አልቆጠሩም። አብሮ ማንበብ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ግን ከእነሱ ነው።

እንግዲህ መጽሐፍ ስትመርጡ የምትጠይቁት «ታላቅ ነው ወይ?» ብላችሁ አይሁን። ታላቅነቱን ከእናንተ በፊት ብዙዎች መስክረውለታል። «እኛን ስምንታችንን በሁለት ጎራ የሚከፍል ነገር አለበት ወይ?» በሉ። ለብቻ ሲያነቡት ልብ የሚያሞቅ፣ በቡድን ሲሆን ግን «ደስ ይላል» ከተባለ በኋላ ሌላ ወሬ የማያመጣ መጽሐፍ ብዙ ነው። እሱን ማታ ማታ ለየብቻችሁ አንብቡት።

እኔም በወጣትነቴ ስቻለሁ። ዘጠኝ ሆነን ስንጀምር በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» መረጥን። መጽሐፉ ዛሬም ከምወዳቸው አንዱ ነው፤ የመረጥነው ግን ከባድ ነው ስለተባለና ከባዱን አነበብን ለማለት ስለፈለግን ነበር። ያልገባው ሰው አልገባኝም ለማለት አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጣም። በሦስተኛው ስብሰባ አራት ቀረን፣ በአምስተኛው እኔና አንድ ጓደኛዬ ብቻ ተያየን። መጽሐፉ አልበደለንም፤ ከባዱን መጽሐፍ አንድ ላይ ማንበብ ሳንለምድ ነበር ያነሳነው።

ስለዚህ ከአጭሩና ከቅርቡ ጀምሩ። ከተቀመጣችሁበት ሾላ ሥር ሆናችሁ ቀና ብትሉ ማዶ የሚታየው ጥቁር ደን ዘጌ ነው፤ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው እዚያ ቡናና ጌሾ መሀል ነው፣ በ1860 ዓ.ም.። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። ያኔ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ እኛ «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው ነው። ስንቶቻችሁ የዘጌን ገዳማት ለእንግዳ አስጎብኝታችኋል፤ ስለዚህ ሰው አንድ ቃል ተናግራችሁ ታውቃላችሁ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል። የማያውቀው ነጋዴ አዝኖ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ የአባቱን ውለታ ልመልስ ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣና እሱ ራሱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ልትፈልግ ትነሣለች። ክርክሩን አታዩትም? ያልተጠየቀ ውለታ ለመክፈል እናትና አባትን ጥሎ መሄድ ተገቢ ነው ወይ? ደራሲው የአገሪቱን ስም ለልጅቷ የሰጠው ለምንድን ነው? የወንድ ልብስ ባትለብስስ መንገዱ ይከፈትላት ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ ከመካከላችሁ ያሉት ሴቶች ቀድመው እንዲመልሷት እፈልጋለሁ።

ከዚያ የሚከብደው ይመጣል። አፈወርቅ ኋላ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከወራሪው ጋር ቆመ፤ ከነጻነት በኋላ በግዞት ጅማ ላይ ሞተ። ይህን ከእናንተ የሚደብቅ መምህር አይኑር። «ታዲያ ለምን እናነበዋለን?» የሚል ከመካከላችሁ ቢነሣ ደግ አደረገ፤ አታስቀምጡት፣ ይናገር። ደራሲውን ለመኮነን መጽሐፉን መተው ግድ ነው ወይስ ሁለቱ ተለይተው ይታያሉ? እኔ ይለያሉ ባይ ነኝ፤ ያም ሆኖ አባቱን በአምስቱ ዘመን ያጣ አንድ ባልንጀራዬ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለኝም፤ እኔም አልፈረድኩበትም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሁለተኛ ይሁን የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ሐዲስ አለማየሁም የጎጃም ልጅ ነው። ያው ጣሊያን ሲመጣ ጦር ሜዳ ወረደ፣ ተማረከ፣ ባሕር ተሻግሮ ለዓመታት ታሰረ። መጽሐፉን ያሳተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ስታነቡ የሐዲስ ጉዱ ካሣ በዘመኑ ሥርዓት ላይ የሚናገረው ሌላ ድምፅ ይኖረዋል። መጽሐፉ ወፍራም ነውና በአንድ ቀጠሮ አትጨርሱት፤ አምስት ስድስት ጊዜ ተገናኙበት። ሦስተኛ ካላችሁኝ የአቸፈሩ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» አለላችሁ፤ በዘመኑ የታገደ መጽሐፍ ነው፣ ለምን እንደታገደ ራሳችሁ ድረሱበት።

ስለ አነባበቡ ጥቂት ልበል። መጽሐፉን ያቀረበው ሰው ውይይቱን አይምራ፤ የወደደውን መጽሐፍ ሲነኩበት እንደ ጠበቃ ይሆናል። ከመወሰናችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አንዳችሁ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ጆሮ ከስም ይልቅ ይታመናል። ስምንት ቅጂ ካላገኛችሁ አትጨነቁ፤ በሦስት ቅጂ እየተቀባበላችሁ አንብቡ። በእነ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ተማሪው ቀን ለብቻው ዱር ገብቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፣ ከዚያ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ይቀርባል። የእናንተም እንደዚያ ይሁን፦ ለብቻ አንብባችሁ ምልክት ያደረጋችሁበትን ገጽ ይዛችሁ ኑ። «ጦቢያ» ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ዛሬ የማንላቸው ቃላት ይበዛሉ። ያልገባውን ቃል መጀመሪያ የሚናገር ሰው በየተራ መድቡ፤ ያኔ ማንም አያፍርም። ቃሉን ስልክ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት ግን የየቤታችሁን አያት ጠይቁ።

እኔ ዘንድ አንድ «ጦቢያ» አለ፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በክር የሰፋሁት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሾላው ሥር ይዤው እመጣለሁ። የመጀመሪያዋን ገጽ ያች «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለችው ልጅ ታንብባት።