ቴርጋትን ማን ይሁን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ተማሪዎች፤ ዛሬ የምነግራችሁ እናንተ «ግሩፕ ወርክ» ስለምትሉት ነገር ነው። መምህሩ በቡድን ይከፍላችሁና አንድ የታወቀ ታሪክ መርጣችሁ በስልካችሁ እንደገና ቀርጻችሁ አምጡ ይላችኋል። ማርክ የሚያዝበት ተራ የትምህርት ሥራ ይመስላል። እኔ ግን አንድ እንዲህ ያለ ሥራ በቅርብ ካየሁ ወዲህ፣ ሰው ለራሱ ምን ቦታ እንደሚመኝ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት አጋጣሚ ብዙ እንዳልሆነ አምኛለሁ።

ከሦስቱ ከተሞች የተሰባሰቡት ልጆች የመረጡት የሲድኒ ኦሊምፒክን የ10,000 ሜትር ውድድር የመጨረሻ ዙር ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመበት ያ ሩጫ የተካሄደው መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ደመራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ልጆቹ ያኔ አልተወለዱም። መቅረጫ ቦታ ለመምረጥ ግን አልተቸገሩም፤ ሱሉልታ እያለች ማን ሌላ ቦታ ያስባል? ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራባት፣ ያያ ቪሌጅ የተባለው የሯጮች ማረፊያ ያለባት፣ በጎጃም መንገድ ዳር ሯጮች ሳይታዩ የማይነጋባት ከተማ ናት።

ችግሩ የመጣው ገና ስልክ ከኪስ ሳይወጣ ነው። «ኃይሌን ማን ይሁን?» ሲባል እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። «ቴርጋትን ማን ይሁን?» ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ።

ልጆቼ፣ አልፈርድባቸውም። እኛም በየቤታችን፣ በየማኅበራችን፣ በየሰንበት ትምህርት ቤታችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ግን ያን ሩጫ አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። 250 ሜትር ገደማ ሲቀር ፈትልኮ የወጣው ቴርጋት ነው። የመጨረሻውን መታጠፊያ ቀድሞ የዞረው ቴርጋት ነው። ኃይሌ የደረሰበት መስመሩ ላይ ሊደርሱ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ነው። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩት እንኳ ከዚህ በሰፋ ጊዜ ነበር። እስቲ ቴርጋትን ከዚያ ሩጫ ውስጥ አውጡትና ምን እንደሚቀር አስቡ። አንድ ሰው ብቻውን ሮጦ ሲገባ ነው የምናየው። እኛን ከመቀመጫችን ያስነሣን ቴርጋት አንዲት እርምጃ እንኳ ሳይሰስት በመሮጡ ነው።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። በመጨረሻ ቴርጋትን እንዲሆን የተለመነው ከሁሉም ፈጣኑ ልጅ ነበር፤ በየማለዳው የሚሮጥ የሱሉልታ ልጅ። እስከ መጨረሻው የሚመራው እሱ ስለሆነ ፈጣኑ ይሁን ተባለ። ልጁ ደስ አላለውም። ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ «እሺ» አለ። መጀመሪያ ሲቀርጹ መስመሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰና ጓደኛውን አሳለፈው። ስልኩን የያዘችው የቡራዩ ልጅ ቀረጻውን አቁማ «ለቀክለት እኮ! ያስታውቃል!» ብላ ጮኸች።

ይህች አጭር ንግግር ከብዙ ስብከት ትበልጥብኛለች። ሁለተኛ መሆን ማለት በግማሽ ልብ መሮጥ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሊቀመንበር ካልሆንን ስብሰባ እንቀራለን። መዝሙሩን የምንመራው እኛ ካልሆንን ድምፃችንን እናሳንሳለን። ሐሳቡ የእኛ ካልሆነ ሥራውን እጃችንን አጣጥፈን እናየዋለን፤ ከዚያም «እኔ ምን አገባኝ» እንላለን። ያስታውቃል! ሰው ባያውቅብን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ደግሞ ሰውም ያውቃል።

ልጁ ተመልሶ ሮጠ። አሁን ደግሞ ኃይሌን የሆነው ሊደርስበት አልቻለም። መነሻቸውን አራራቁ፣ አቀራረቡ፣ ደጋግመው ሞከሩ። የሱሉልታ ከፍታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ ለለመደው እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። በስተመጨረሻ ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ አውጥተው ሮጡና ተናንቀው ገቡ። ቴርጋት የሆነው ልጅ ጉልበቱን ይዞ አጎንብሶ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ደረሰብኝ?» አለ። «ለጥቂት!» አለችው ስልኩን የያዘችው ልጅ። ሣቀ። ተሸንፎ እንዲህ ሲሣቅ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ታሪክን እንደገና መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የኃይሌን ሕይወት የሚያሳየው «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ ሲበቃ፣ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ሠርቶበታል፤ የልጅነቱን ዘመን ደግሞ የሠሩት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። ከዚያም በፊት፣ ከካሜራም በፊት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ስታደርግ ኖራለች። በጥምቀት ወደ ውኃው ወርደን የዮርዳኖስን ነገር በዓይናችን እናያለን። በጸሎተ ሐሙስም ሕጽበተ እግር አለ። በዚያ ሥርዓት ላይ የቦታ አሰጣጡን ልብ በሉልኝ። አጣቢ የሚሆነው ማነው? ትልቁ ነው። ካህኑ፣ ጳጳሱ ከምእመኑ እግር ሥር ዝቅ ይላል፤ ማዕረግ የሌለው ተቀምጦ እግሩን ይሰጣል። የጌታን ታሪክ ደግመን ስንሠራ ትልቁ ሰው የሚወስደው የአገልጋዩን ቦታ ነው፤ ጌታ ራሱ የወሰደው እሱን ነውና።

አሁን ስለ በርናባስ ልንገራችሁ፤ ይህን ታሪክ እጅግ እወደዋለሁ። ሳውል ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ኖሮ ባመነ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም ያሉት ደቀ መዛሙርት ፈሩት። እጁን ይዞ ወደ ሐዋርያት ያቀረበው በርናባስ ነበር። ቆይቶም እስከ ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ወደ አንጾኪያ አመጣው። የሐዋርያት ሥራ 13ኛው ምዕራፍ ሲጀምር ስማቸው የሚነበበው በርናባስና ሳውል ተብሎ ነው፤ በርናባስ ይቀድማል። ምዕራፉ ሳያልቅ ግን፣ ሳውል ጳውሎስ ተብሎ፣ ጳውሎስና በርናባስ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ያስተዋወቀው፣ ፈልጎ ያመጣው ሰው ሁለተኛ ሆነ። በርናባስ ስሜ ለምን ወደ ኋላ ሄደ ብሎ ያጉረመረመበት ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። አብሮ መስበክ፣ አብሮ መሰደድ ቀጠለ። በኋላ ከጳውሎስ ጋር መለያየታቸው እውነት ነው፤ ያለያያቸው ግን የስም ነገር አልነበረም። ጳውሎስ በመንገድ ትቶን ተመልሷል ያለውን ወጣቱን ማርቆስን፣ በርናባስ አልተወውም፤ ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ይህን ማርቆስ ዛሬ ወንጌላዊ ብለን እንጠራዋለን።

ስም ካነሣን፣ «ስሜን ብቻ ጻፉልኝ» የምትሉትን ነገር ሳልነካ አላልፍም። እንዲህ የሚለው ልጅ የሥራው ቀን አይገኝም፣ የማስረከቢያው ዕለት ግን ስሙ ሽፋኑ ላይ ይገኛል። ሩጫውን ከቀረጹት ልጆችም አንዱ እንዲህ ብሎ ነበር። ቤቱ ሰበታ ነው። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ አውቶቡስ ተራ፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ፤ አራት ታክሲ! ከተሞቻችን አዲስ አበባን ከበው ቢቀመጡም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ የትራንስፖርት ብር አልነበረውም። ይህን ለማወቅ አንድ ሰው «ለምን አትመጣም?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ጠየቁት፤ ብር አዋጥተው ላኩለት፤ መጣ።

ሲመጣ የእሱ ቦታ የቱ ነው ተባለ። ያን ጊዜ አንዷ «አሰፋስ?» አለች። ሁሉም ተያዩ። በዚያ ሩጫ ሦስተኛ የወጣው፣ ለኢትዮጵያ ነሐስ ያመጣው አሰፋ መዝገቡ ነው፤ ከኃይሌ የዘገየው በሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የገዛ ወንድማችን ሆኖ ሳለ በቀረጻው ውስጥ ማንም ቦታ አልሰጠውም ነበር። ልጆቹ ጨርሰናል ያሉትን ሥራ እንደገና ጀመሩት፤ የሰበታው ልጅ አሰፋን ሆነ። ድካሙን ሳስበው ይህን መወሰናቸው ልቤን ይነካዋል፤ አሰፋን የማይጨምረው የመጀመሪያው ቀረጻም ማርክ ያሰጣቸው ነበርና። ስልኩን ይዛ የዋለችውን ልጅ ግን ቪዲዮው ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኟትም። የምናየው ሁሉ በእሷ እጅ የተያዘ ነው፤ እሷ አትታይም። በቤታችሁ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ እንዲህ ያሉ እናቶችና አባቶች እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ ስትገቡ ስማቸውን ጠርታችሁ አመስግኗቸው።

ኃይሌን ለሆነውም አንድ ቃል አለኝ፤ አንደኛ መሆን ኃጢአት አይደለምና። ፖል ቴርጋት በ1996 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ2000 ዓ.ም. እዚያው በርሊን ላይ በ29 ሰከንድ ያሻሻለው ኃይሌ ነው። እንዲህ ሲተናነቁ የኖሩ ሰዎች ጠላት አልሆኑም። አሸናፊ ሲያሸንፍ የሚሠራው ሥራ አለው። ይህን ደራርቱ ቱሉ አሳይታናለች። የፍልሰታ ጾም በሚገባበት በነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በባርሴሎና 10,000 ሜትር በመጨረሻው ዙር ተቀናቃኟን ጥላት ሄዳ ወርቁን ወሰደች። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። በደስታዋ ብቻዋን መክነፍ ትችል ነበር። እሷ ግን ያቺኑ ተቀናቃኟን፣ ነጯን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን፣ መስመሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ። የኤላና አገር በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሊምፒክ ተገልላ ቆይታ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበር።

የሚቀጥለው ሥራችሁ የባርሴሎናው ሩጫ እንዲሆን እመኛለሁ። ከመረጣችሁት፣ ደራርቱን ማን ትሁን ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ኤላናን የምትሆነዋን ፈልጉ፤ ከእናንተ መካከል ጎበዟን፣ እስከ መስመሩ ድረስ የማትለቀዋን ምረጡ። የሰበታው ልጅ የታክሲ ብርም አስቀድሞ ይዋጣ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።